ከቴምብር የተሠራ ድልድይ

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ሠላሳ አንድ ብር፣ የዳቦ ሳጥኔ መስታወት፣ የሚስቴ ሰፌድና አውቶቡስ ውስጥ ያለአግባብ የተቀበልኩት አንድ ወንበር ነው። ወንበር ደግሞ ወጪ ይባላል ወይ የሚለኝ ካለ፣ በደርግ ጊዜ የማይገባውን ክብር ተቀብሎ በላዩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው።

ሱቄ ኮልፌ ነበር፣ ወደ ጅማው መንገድ ከሚወርደው ፒስታ ዳር። ከፊት ባንኮኒና መደርደሪያ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል፣ ከዚያ ጓሮ። በሁለቱ ክፍል እኔ፣ ሚስቴና ልጆቼ እንኖራለን፤ ከፊት ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ሲገኝ ደግሞ ስኳር እንሸጣለን። ሲገኝ ያልኩት ስኳር የሚከፋፈለው በኅብረት ሱቅ ስለነበር ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ የኔ ቢጤው ንዑስ ከበርቴ ይባላል። እኔም የሱቄን ስፋት አስቤ፣ ከስያሜው ውስጥ ንዑስ የምትለዋ ብቻ እንደምትመለከተኝ አምኜ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ።

በአንድ በጋ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከሙ ሰዎች መጥተው በፒስታው ላይ ሲያነጣጥሩ ዋሉ። ፒስታው ሊሰፋና አስፋልት ሊለብስ ነው ተባለ። ደስ አለን። ማግስቱን ቀለም የያዘ ሰው መጥቶ በሱቄ የጎን ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ፤ ከመስመሩ ሥር ቁጥር ጻፈ፤ ከቁጥሩ ጎን ቀስት ሳለ። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው እሱ ቀቢ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ነገረኝና ወደ ወፍጮ ቤቱ አለፈ። ወፍጮ ቤቱንም ቀባ። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን የልብስ ሰፊዋን ቤትም ቀባ።

ቤት ተቀባ ማለት በኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም። ከታች በኩል አንድ መንደር በቀይ ተቀብቶ፣ ክረምት ሳይገባ ሜዳ ሆኖ አይተናል። ስለዚህ ጎረቤት እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ግድግዳውን ያያል፣ ከዚያ "አይዞህ" ብሎኝ ይሄዳል። ሳሙና የሚያስረክበኝ አከፋፋይ ሰላምታው አጠረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ብሄድ፣ ጓድ፣ እስኪገለጽ ድረስ በትዕግሥት ጠብቅ አለኝ። ሰውየው እሱም እንደኔ እንደማያውቅ ያስታወቀው፣ ሲናገር የሚያየው ጣሪያውን መሆኑ ነው።

ሚስቴ ድስቶቿን አንድ በአንድ ጆንያ ውስጥ ትከት ጀመር። እኔ ደግሞ ሱቅ ዘግቼ ስገባ አውጥቼ እሰቅላቸዋለሁ። በነጋታው ትከታቸዋለች። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የት እንደምንሄድ ብትጠይቀኝ መልስ እንደሌለኝ ታውቃለች፤ ስለዚህ ጥያቄውን በድስት ነበር የምትጠይቀኝ።

የመንገዱ መሐንዲስ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ፒስታውን ሲወጣና ሲወርድ የሰው ፊት አያይም፤ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ሻይ ቢሉት እምቢ። ወንበር ቢያወጡለት አይቀመጥ። ባለ ወፍጮው ግን ሰው ሆኖ በግ የሚጠላ የለም ብሎ፣ ሙክት ገዝቶ ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለው የሥራ ቢሮው ወሰደ። በጉ ማለዳ ሄደ፤ ከቀትር በፊት ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ የሰውየውን ትከሻ ከሩቅ በዓይኗ ለክታ ሸሚዝ ሰፍታ ወሰደች። ሸሚዙም ተመለሰ። እኔ ገና አልሄድኩም ነበር፤ ምክንያቱም ይዤ የምሄደው ነገር አልነበረኝም። ባለ ጉዳይ ሆኖ ባዶ እጅን መግባት በኛ ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ የያዝከውን ታስቀምጣለህ፤ ምንም አልፈልግም ትላለህ፤ ጉዳይህ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ያደግነው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን መሐንዲሱ ክብሪት ሊገዛ ገባ። ጨውና በርበሬ የምጠቀልልበት አሮጌ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ተከምሮ ነበር፤ ከላይ አንድ የተቀደደ ፖስታ አለ። ሰውየው ክብሪቱን ረሳው። ፖስታውን ብድግ አድርጎ ቴምብሩን አየ፤ ዓይኑ ላይ አስጠግቶ እንደገና አየ።

"ይሄን ትሸጥልኛለህ?" አለኝ።

ቆሻሻ ነው፣ ይውሰዱት አልኩት። አልወስድም አለ። ስሙኒ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፣ ከኪሱ ትንሽ መቀስ አውጥቶ የፖስታውን ጥግ በጥንቃቄ ቆረጠ፣ ወረቀት ውስጥ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ክብሪቱን ትቶልኝ ወጣ።

እኔ በንግድ ላይ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ለቆሻሻ ስሙኒ የሚከፍል ሰው ግን ደካማ ጎኑን እዚያው ባንኮኒ ላይ ጥሎልኝ ሄደ ማለት ነው።

ወረቀት የሚያመጣልኝ ቁራሌው ነበር፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጣለውን፣ ሲቸግረው ደግሞ ከቆሼ የለቀመውን። የጽሕፈት ቤት ፖስታ በጆንያ አምጣልኝ አልኩት። ዋጋ ሊጨምር አፉን ሲከፍት፣ ለመጠቅለያ ነው አልኩት። ለመጠቅለያማ ፖስታ አይሆንም፣ በጎን ያፈሳል አለኝ። ዋጋ ጨመርኩለት።

ፖስታዎቹን በሚስቴ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ቴምብሮቹ ከወረቀታቸው እየለቀቁ ሲንሳፈፉ፣ ወፍ አለ፣ አበባ አለ፣ ሹሩባ አለ፣ ቡና አለ፤ በመካከሉ ድልድይ አለ፣ ግድብ አለ፣ ተራራ የሚጠመዘዝ መንገድ አለ። መሐንዲስን የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሰፌዷ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሚስቴ ከገበያ ስትመለስ ሰፌዷ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

"ሰው ደብዳቤ ይልካል። አንተ ፖስታ ቤቱን ልትልክ ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። እየሰማችኝ ሰፌዱን ታሸተው ነበር። ሲያልቅ፣ በጉን የመለሰ ሰው የበግ ዋጋ የማያወጣ ወረቀት ይቀበላል ብዬ አስብ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይሄኔ ነው ተስፋ የጣልኩት ምን ላይ እንደሆነ ለራሴም የገባኝ። በግ ጉቦ ነው፤ ማንም አይቶ ያውቀዋል። በቆሼ ያለፈን ያገለገለ ቴምብር ግን ጉቦ ብሎ የሚከስ ካድሬ ገና አልተወለደም።

ድልድይ ልሠራ አሰብኩ፤ ከትናንሽ ቴምብሮች አንድ ትልቅ ድልድይ። ከሥሩ ሰማያዊ ሰማያዊዎቹን ውኃ አደርጋቸዋለሁ፣ አረንጓዴዎቹን ዳገት። ከዱቄት ኮላ ቀቅዬ ካርቶን ላይ መለጠፍ ስጀምር ግን ችግሩ ታየኝ። የተዋቡት የድልድይ ቴምብሮች የቀድሞው ጊዜ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ንጉሡ አሉ። ትንሽ ናቸው፤ ግን አሉ። ያን ያህል ንጉሥ በአንድ ፍሬም ሰብስቦ ለመንግሥት ሠራተኛ መስጠት፣ ቤቱን ሳይሆን ባለቤቱን የሚያስፈርስ ነገር ነው። መቁረጥ አሰብኩ፤ ቴምብሩ ይበላሻል። መጣል አሰብኩ፤ ድልድዩ ጎዶሎ ይሆናል። በመጨረሻ የጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚመታ አድርጌ ደራረብኳቸው፤ የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ጥግ እየሸፈነ፣ ከታች ወደ ላይ። ዝናብ እንኳ አያስገባም። ሚስቴ መብራት አስጠግታ አንድ ዓይን ወይም አንድ ጢም ብቅ ብሎ እንደሆነ ፈተሸችልኝ። ሁለት ቦታ ጢም አገኘች። አበባ ለጠፍንባቸው።

ፍሬሙን አናጺው ሠራልኝ። በዚያን ወቅት ሥራው ሁሉ የመሪውን ፎቶግራፍ ፍሬም ማድረግ ስለነበር፣ ሌላ ልክ አያውቅም፤ የኔንም በዚያው ልክ መታው። መስታወት ግን ከከተማው ጠፍቷል። የዳቦ ሳጥኔን የፊት መስታወት ነቀልኩ። በላዩ ላይ በነጭ ቀለም "ዳቦ አለ" የሚል ጽፌበት ነበር፤ በምላጭ ስፍቀው ዋልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦው ከዝንብ የሚጠበቀው በጨርቅ ነው።

ፍሬሙን በነጠላ ሸፍኜ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ተጭኗል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ግን ገና እግሬን ሳስገባ አንድ ወታደር የያዝኩትን አየና ብድግ ብሎ ቀጥ አለ። ያን ልክ፣ በዚያ ዓይነት ፍሬም፣ በነጠላ ተሸፍኖ የሚሄድ ነገር በዚያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ወታደሩ ወንበሩን ሰጠኝ። አይ፣ እቆማለሁ ብል፣ ለአንተ ሳይሆን ለእሳቸው ነው አለኝና ፍሬሙን በዓይኑ አመለከተኝ። ተቀመጥኩ። ፌርማታ በደረስን ቁጥር አንድ ሰው ነጠላውን ይገልጠዋል እያልኩ፣ በእልፍ የሚቆጠር ንጉሥ በጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጦር ኃይሎች ደረስኩ። ወታደሩ ሲያወርደኝ በአንድ እጁ ደገፈልኝ።

የመሐንዲሱ ቢሮ የቆርቆሮ ቤት ናት። ብቻውን ነበር። ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ነጠላውን ገለጥኩና ባደግሁበት ደንብ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸሁ።

ለረጅም ጊዜ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በፊት ያለ ባርኔጣ አይቼው አላውቅም።

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ይሄ ድልድይ ይወድቃል" አለ። "መሐሉን የያዘው ነገር የለም።"

"ኢንጂነር፣ መኪና አይሄድበትም እኮ።"

ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ከቴምብር ወደ ቴምብር ይሄድ ጀመር፣ እንደሚያነብ ሰው። መሐል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የቴምብሩን ሙሉ መልክ ያውቀዋል። ቴምብር ሰብሳቢ ነው፤ በየጥጉ ምን እንዳለ ያውቃል። የሚቀጥለውን አየ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን አየ። ወደ በሩ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከሥር ያሉት ሰውዬ ደህና ናቸው?"

ነጠላውን መልሼ ላለብሰው እጄን ስዘረጋ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ ነበር፤ ድምፅ ሳያሰማ።

"ደህና ናቸው" አልኩ። "ተሸፈኑ እንጂ አልተነኩም።"

ወንበር ሰጠኝ። ይህ ለባለ ወፍጮውም ለልብስ ሰፊዋም ያልተደረገ ነው። ከዚያ ፊቱን መልሶ ሰብሰብ አድርጎ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ምንም አልኩ። ደንቡ ነዋ።

"ምንም ያልፈለገ ሰው የሱቁን መስታወት ነቅሎ አይመጣም" አለኝ። ጎንበስ ስል በመስታወቱ ጥግ ላይ ምላጩ ያልነካው "አለ" የሚለው ቃል ይታያል። ዳቦው ሄዷል፣ "አለ" ቀርቷል።

"ቤቴን" አልኩ፣ ሌላ የሚባል ስላልነበረ።

"ቤትህን ምን አደረግኩት?"

"ቀብተውታል።"

ሰውየው ግራ ገባው። በእውነት ግራ ገባው። ከሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ትልቅ ሰማያዊ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋው፤ ጫፉ እየተጠቀለለ ሲያስቸግረው የኔን ፍሬም አስተኝቶ ጫነበት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ረጃጅም መስመር አለ፣ በመካከላቸው መንገዱ። የኔን ሱቅ ፈልጎ አገኘው፤ ጥፍር የምታህል ሳጥን ናት። መስመሩ የሳጥኗን አፍንጫ ብቻ ቆርጦ ያልፋል።

"ግድግዳህ ላይ ያለው ቀስት ወዴት ነው የሚያሳየው?"

"ወደ መንገዱ።"

"ቁጥሩስ?"

"ሦስት።"

"እንግዲህ። ከቀለሙ ወደ መንገዱ ያለው ሦስት ሜትር ይነሣል። ከቀለሙ ወደ ጓሮ ያለውን ማን ነካብህ?"

ሦስት ሜትር በረንዳዬና ባንኮኒዬ ነው። ሁለቱ ክፍል የለበትም። ጓሮው የለበትም። ድስቶቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ የለበትም። ወረቀቱን እንደገና አየሁት፤ ፕላን ማንበብ ብችልም ባልችልም ሳጥኗ እዚያው ናት። የወፍጮ ቤቱስ አልኩት። በጣቱ አሳየኝ፣ ሞተሩ የቆመው ከመስመሩ በጓሮ በኩል ነው። የልብስ ሰፊዋስ? ደረጃዋ ብቻ ነው የሚነሣው።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አልኩ፤ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ።

"ማን ጠየቀኝ?" አለ። "አንዱ በግ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ሸሚዝ ይዛ ትመጣለች። ምን ፈለጋችሁ ስል ምንም ይሉኛል። በጉን መልስ ስለው በጉን ይዞ ይሄዳል፤ ጥያቄውንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።"

ከዚያ እንደ ባለሙያ መከረኝ። ግሬደሩ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ፊት ለፊቱን ራስህ አፍርስ፣ ቆርቆሮህንና በርህን አትርፍ፣ ቀለሙ ላይ አዲስ ግድግዳ አቁም፤ አስፋልቱ ሲመጣ በርህ ሥር ያልፋል አለኝ። ይሄ ምስጢር ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለጠየቀ ሁሉ የሚነገር ነው አለኝ።

ልሄድ ስነሣ ፍሬሙን እንድወስድ ነገረኝ፤ ስጦታ አይቀበልም። ይሄንን ፍሬም ተሸክሜ ያንን አውቶቡስ ዳግመኛ ከምሳፈር ሱቁ ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ እንደምመርጥ ነገርኩት፤ የወታደሩንም ነገር አወራሁለት። እንደገና ያለ ድምፅ ሳቀ። ስንት እንዳወጣሁበት ጠየቀኝ። ሠላሳ አንድ ብር አልኩ፤ በሕይወቴ ትርፍ ሳልጨምር ዋጋ የጠራሁበት ቀን ነው። ከኪሱ ቆጥሮ ሰጠኝና ደረሰኝ አጻፈኝ። ፍሬሙን አንሥቶ ሚስማር ላይ ሲሰቅለው ግን ፊቱ አዘነ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በኮላ የተለጠፈ ቴምብር የሞተ ቴምብር ነው አለኝ። ወደፊት ስትሠራ አለና፣ ከጀርባው በትንሽ የታጠፈ ወረቀት ብቻ እንዴት እንደሚያያዝ አሳየኝ። ወደፊት ማለቱን ያስተዋልኩት መንገድ ላይ ነው።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ባለ ወፍጮውን ነው። ነገሩን ነግሬው ሞተሩ እንደማይነካ ሲገባው፣ ዱቄት በለበሰ ፊቱ ቆሞ አየኝ።

"አንተ ነጋዴ፣ በጉን ባላርደው ኖሮ ዛሬ ነበር የሚታረደው" አለኝ።

ሚስቴ አላመነችኝም። ወጥታ ቀለሙን አየችው፣ ቀስቱን በጣቷ ተከተለችው፣ ከቀለሙ እስከ በረንዳው ጫፍ በክንዷ ለካችው። ከዚያ ገባች። ጆንያውን አንሥታ ድስቶቿን መሬት ላይ አራገፈችና አንድ በአንድ እያጠበች ሰቀለቻቸው። የዚያን ቀን እኔ አልነካኋቸውም።

በሳምንቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የገዛ ሱቄን ፊት አፈረስኩ። ሰዉ እንደ እብድ አየኝ፤ ባለ ወፍጮውም የራሱን ማፍረስ ሲጀምር ግን ማየት አቆመ። አስፋልቱ ሲመጣ በራፌ ሥር አለፈ፣ መሐንዲሱ እንዳለው። ዕቃ የሚያራግፍ መኪና እንደ ልብ ደጄ ይቆም ጀመር፤ የአከፋፋዩም ሰላምታ ረዘመ።

መሐንዲሱ ወደ ክፍለ ሀገር ከመዛወሩ በፊት ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ፍሬሙን አይተው ነው። አንደኛው ጡረታ ለሚወጣ አለቃው ስጦታ ይፈልጋል፤ ድልድይ ሳይሆን ግድብ። ሁለተኛው ለሚመረቅ ወንድሙ ጠመዝማዛ መንገድ ይፈልጋል። ቀብድ ተቀበልኩ። ለራሱ ለመሐንዲሱ ደግሞ በታጠፈ ወረቀት ብቻ የተያያዘ፣ ምንም ነገር ያልተደራረበበት፣ መሐሉን ምሰሶ የያዘው ትንሽ ድልድይ ሠርቼ ነበር። ምንም እንደማልፈልግ ነገርኩት። በዚያን ጊዜ እውነት ነበር። ተቀበለኝ።

የዚያ የመጀመሪያው ፍሬም ሒሳብ ይህ ነው። ወጪ ሠላሳ አንድ ብር፣ ገቢ ሠላሳ አንድ ብር። ሰፌዱ ተተክቷል። የዳቦ ሳጥኑ መስታወት አልተተካም። ቤቱ ሦስት ሜትር አጥሮ በቦታው አለ።